ቀጠሮውን ነፋስ ይቁረጠው፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሆኖ የባሕር ዳርቻ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ለመጻፍ

ከሐረርም ከድሬዳዋም ባሕር አይታይም። ሆኖም የሁለቱም ከተሞች ኑሮ ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነው። የሐረር ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ለዘመናት በሶማሌ ዳርቻ ወደቦች በዘይላና በበርበራ ወጥቷል፤ ጨርቁ፣ ሩዙ፣ ተምሩና ወረቀቱም በዚያው ገብቷል። ድሬዳዋ ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ባይደርስ እንደ ከተማ ባልቆመች ነበር። የዚህ አገር ጸሐፊ ስለ ሞቃት ወደብ፣ ስለ ሸራ መርከብና ስለ መርከበኛ ቤተሰብ የፍቅር ልብ ወለድ ልጻፍ ቢል ከቤቱ ብዙ አይርቅም።

አስቸጋሪው ነገር ባሕሩን ሥራ ማስያዙ ነው። በብዙ ረቂቆች ላይ ባሕር የግድግዳ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ፍቅረኞቹ አሸዋ ላይ ይራመዳሉ፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ማዕበል ይመታል፤ ባሕሩን አንሥታችሁ ሐይቅ ብትተኩበት ታሪኩ ቅንጣት አይጎድልበትም። በሸራ መርከብ ዘመን ግን ማን ከማን መቼ እንደሚገናኝ፣ መቼ እንደሚለያይ፣ ስንት ወር እንደሚጠባበቅ ይወስን የነበረው ነፋስ ነው። የልብ ወለዱም አጥንት እሱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን በተግባር ለማሳየት አንድ ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው አብረን እናዋቅራለን። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወሮቹን ግን አንባቢ እንዲቀለው በእኛው አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

1. ዓመቱን ለይታችሁ ያዙ

«ድሮ» ብሎ መነሣት አያዋጣም፤ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን» ማለትም ቢሆን ሰፊ ነው። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ሐረር ስንት ጊዜ ተለዋውጣለች። እስከ 1875 በራሷ አሚሮች ትተዳደር ነበር። ከ1875 እስከ 1885 ግብጾች ያዟት። ከዚያ አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ገዙ፤ በ1887 የጨለንቆ ጦርነት ማግስት ምኒልክ ገቡባትና በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን አስተዳዳሪዋ ሆኑ። በባሕሩም በኩል እንዲሁ ነው፦ እንግሊዞች ዓደንን በ1839 ያዙ፣ የሱዌዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፣ ጣልያን ምጽዋን በ1885 ያዘች፣ ጅቡቲ ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምራ እያደገች የዘይላን ንግድ ወሰደች።

እያንዳንዱ ዘመን የሚወልደው የፍቅር ታሪክ የተለየ ነው። የግብጽ ጦር በ1885 ሲወጣ ከከተማው ሴት ልጅ ጋር የተሳሰረ ወታደር ይሄዳል ወይስ ይቀራል? ይህ አንድ ልብ ወለድ ይሆናል። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ ወደዚህ ሲጠጋ የግመል ቅፍለት የሚመራ ጎልማሳና በዘይላ ጀልባ የሚያሠራ ቤተሰብ ምን ይሆናሉ? ይህም ሌላ ልብ ወለድ ነው፤ ለድሬዳዋ ጸሐፊ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ይመስለኛል።

ለምሳሌያችን ግን 1855ን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ዓመት ስለ ሐረርም ስለ በርበራም በቀን በቀን የተመዘገበ ነገር አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ በኅዳር 27፣ 1854 (እዚህ ላይ ወሩም የአውሮፓ ነው) ተነሥቶ ጥር 3፣ 1855 ሐረር ገባ፤ ዐሥር ቀን ቆይቶ ወደ በርበራ ወረደ፤ ያየውንም በ1856 አሳተመ። ሰውዬው ለአገሬው ያለው ንቀት ገጹን ሁሉ የሞላ ነው። ስለ ሰዎቹ ጠባይ የሚፈርደውን እለፉት፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ገበያውና ስለ በሮቹ የመዘገበውን ግን አንድ በአንድ ልቀሙት።

ዓመቱን ስትይዙ ሦስት የቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። የአውሮፓ 1855 መጀመሪያ በእኛ 1847 ነው፤ በሂጅራ ደግሞ 1271። ገጸ ባሕርያችሁ የሚኖሩት በሂጅራ ነው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ነፋሱ ግን ቦታውን አይለቅም። በ1855 ረመዳን የገባው ግንቦት 10 ግድም ነበር። ይህችን አንዲት ቀን በማስታወሻችሁ ላይ አስምሩባት፤ ታሪኩን እንዴት እንደምታዞረው ወዲያው ታያላችሁ።

2. የነፋሱን ሰሌዳ ሥሩ

አንድ ትልቅ ወረቀት ወስዳችሁ በዐሥራ ሁለት ክፈሉት። በላይኛው መስመር ነፋሱን፣ በሁለተኛው ገበያውንና ቅፍለቱን፣ በሦስተኛው በዓላቱን፣ በአራተኛው የፍቅረኞቹን ሕይወት ጻፉ። አራተኛው መስመር ከሦስቱ እስኪወለድ ድረስ ምዕራፍ አንድን አትጀምሩ።

የነፋሱ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ከጥቅምትና ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ሞንሱን የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሕንድ፣ ከሙስካትና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የሚነሡ መርከቦችን ወደ እኛ ዳርቻ ያመጣል። ከግንቦት በኋላ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ለዘብ ሲል ወደ ሕንድ የሚመለሱት በእሱ ይሄዳሉ፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ስለሚበረታ ትላልቆቹ የሸራ መርከቦች ወደብ ይዘው ይቀመጡ ነበር። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዓመቱን ጂላል፣ ጉ፣ ሐጋ፣ ደይር ብለው ሲከፍሉት ይህንኑ ነፋስና ዝናብ እየተከተሉ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የከብት ሻጭን ብትጠይቁ ዛሬም በእነዚህ ስሞች ይመልስላችኋል።

በርበራ ደግሞ በዚህ ነፋስ ብቻ የምትቆም ከተማ ነበረች። ገበያው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይቆማል። በ1840ዎቹ መጨረሻ የተጻፈ የእንግሊዝ መኮንን ዘገባ ገበያው በሞላበት ወቅት የሰውን ብዛት 20,000 ያደርሰዋል። ሚያዝያ ላይ መርከቦቹ ሦስትም አራትም እየሆኑ ይነሣሉ፤ ከኦማን ሱር የሚመጡት መጨረሻ ይወጣሉ፤ ከተማዋ ባዶ ትቀራለች። የሚቀረው የታረደ ግመልና በግ አጥንትና ለከርሞ እንዲያገለግል ዳርቻው ላይ በጥንቃቄ የተከመረ የጎጆ እንጨት ነው። በፍቅር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቀነ ገደብ ከየት ይገኛል? ሰዎቹ የተዋወቁባት ከተማ ራሷ ተነቅላ ትሄዳለች።

የሐረርን ቅፍለት በዚህ ላይ ጨምሩበት። በ1855 ትልቁ የሐረር ቅፍለት በርበራ የደረሰው ገበያው ሊፈርስ ሲል ነው። ስለዚህ ከሐረር የወረደ ወጣት ከባሕር ዳር ልጅ ጋር የሚኖረው ጊዜ ወራት አይደለም፤ ጥቂት ቀናት ናቸው። ከበርበራ ሐረር ወፍ እንደሚበር ቢለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተጫነ ግመል በጠመዝማዛው መንገድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ልጁ ቤቱ ሲደርስ ግንቦት ገብቷል፤ ረመዳን ይጀምራል። ከዒድ በኋላ ስድስቱ ቀን ይጾምና ሹዋሊድ ይመጣል፤ ያውም በዚያ ዓመት ሰኔ አጋማሽ ላይ። ሹዋሊድ ደግሞ የሐረር ወጣቶች የሚተያዩበት፣ ቤተሰብም ለልጁ ዓይኑን የሚጥልበት በዓል ነው። ልጁን ሊድሩት በሚያስቡበት በዚያው ሳምንት ባሕሩ በደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ተዘግቷል፤ በጀልባ መልእክት እንኳ መላክ አይችልም። እኔ ምንም አልፈጠርኩም። ሰሌዳው ነው ያስቀመጠው።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ታሪክ ራሱ ሰጥቶናል። ገበያው በፈረሰ በቀናት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1855፣ የበርተን ሰፈር በሌሊት ተጠቃ፤ ከመኮንኖቹ አንዱ ተገደለ። እንግሊዞች የበርበራን ዳርቻ በመርከብ ዘጉ፤ ስምምነት የተፈረመው በ1856 መገባደጃ ላይ ነው። ስለዚህ ጥቅምት ሲመጣ ነፋሱ ይመለሳል፣ ወደቡ ግን ዝግ ነው። አንባቢው ከፍቅረኞቹ ጋር ስድስት ወር ቆጥሮ «አሁንስ ደረሰ» ሲል ታሪክ በሩን ይዘጋበታል። ሁለተኛው ክፍል እዚህ ላይ ይጀምራል።

3. ሰዎቹን ከሥራቸው አውጡ

«ቆንጆና ሀብታም ነጋዴ» ማንንም አያሳስብም። ሰው በእጁ የሚሠራውን ስንመለከት ነው የምንወደው። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት፣ ማለትም በቆዳ ሽፋን ሥራ፣ የታወቀች ከተማ ናት፤ ቁርአንና የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መጻሕፍት እዚያው ይገለበጡና ይደጎሱ ነበር። ወረቀቱ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በሐረር የእጅ ጽሑፍ ቅርሶች መካከል ወደ ብርሃን ሲያነሡት ሦስት ግማሽ ጨረቃ የሚታይበት የጣልያን ወረቀት ሞልቷል። እንግዲህ ወንዱ ገጸ ባሕርያችን ዩሱፍ የደጓሽ ልጅ ይሁን፤ አባቱ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ወረቀት ሊገዛ ወደ በርበራ ወርዷል። ወረቀትና የባሕር እርጥበት አይዋደዱም። ቶሎ ጥላ ያስፈልገዋል።

ሴቷ ሐሊማ የዘይላ ባለጀልባ ልጅ ናት፤ ገበያው ሲቆም ከቤተሰቧ ጋር ወደ በርበራ ትመጣለች። በሶማሌ ባህል ምንጣፍ መጎንጎንና ጎጆ መትከል የሴት ሥራ ነው። ይህ ለጸሐፊ ትልቅ በረከት ነው፤ ብዙ የታሪክ ልብ ወለድ ሴት ገጸ ባሕርይዋን ከቤት አስወጥቶ ከወንድ ጋር ለማገናኘት ሰበብ ሲፈልግ ይቸገራል። እሷ ግን ሥራዋ ላይ ናት፤ ሰው እያያት፣ እናቷ አጠገቧ እያለች፣ ለነጋዴ ጎጆ እየተከለች። ደግሞም የምታውቀው ነገር አላት፦ ነፋሱ በየሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው አሸዋ ውኃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ጀልባ እንደማይመለስ። እሱ ማንበብ ያውቃል፣ እሷ ሰማዩን ታውቃለች። ሁለቱም እኩል አዋቂ ሲሆኑ ነው ፍቅሩ የሚጥመው።

የቋንቋውን ጉዳይ ቀድማችሁ ወስኑ። እሱ ጌ ሲናን (የሐረሪ ቋንቋ)፣ እሷ ሶማሊኛ፣ የሚገናኙበት ደግሞ የገበያ ዐረብኛ ነው። እናንተ በአማርኛ ትጽፋላችሁ፤ ስለዚህ በየመስመሩ የዐረብኛ ቃል መበተን አያስፈልግም። መጠሪያና የአክብሮት አነጋገር ይበቃል፦ ለትልልቅ የሐረር ሰዎች «አው»፣ ለሴቶቹ «አይ»፣ ለአባቷ ሁልጊዜ አንቱታ። የመጀመሪያ ንግግራቸው አጭርና የተሰባበረ ይሁን፤ ዐረብኛው የሁለቱም አይደለምና። ምዕራፍ እየጨመረ ሲሄድ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየለመደ ዓረፍተ ነገራቸው ይርዘም። መቀራረባቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

4. እንቅፋቱ ከዘመኑ ይምጣ

ክፉ ተቀናቃኝ አትፍጠሩ። ዘመኑ በቂ እንቅፋት አለው። ሁለቱም ሙስሊሞች ስለሆኑ ሃይማኖት አይለያቸውም፤ ኒካህ ግን ወልይ (የሴቷን አሳዳሪ) ይፈልጋል፣ መህር (ለሙሽሪት የሚሰጥ ገንዘብ) ይፈልጋል፣ የቤተሰብ ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ የአባን ጉዳይ አለ። በበርበራ እንግዳ ነጋዴ ሁሉ ከአገሬው ጎሣ አንድ አባን ይይዛል፤ አባኑ ይጠብቀዋል፣ ያስማማዋል፣ ደላላውም ዋሱም እሱ ነው፣ በምላሹ ድርሻውን ይወስዳል። የዩሱፍ አባን የሐሊማ አጎት ቢሆንስ? ዩሱፍ በሰውየው ጥላ ሥር ሆኖ የእህቱን ልጅ መመኘቱ ክህደት ይመስላል፤ ደብቆ መያዙ ደግሞ ይብስ ክህደት ነው። አጎትየው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ደግ ሰው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል።

በሐረር በኩልም ግንብ አለ። የጁገልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸው ይነገራል፤ በአሚሮቹ ዘመን አምስቱ በሮች ሲመሽ ተዘግተው ቁልፉ ለአሚሩ ይገባ ነበር። እንግዳ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ «ወደ አገርህ ውሰደኝ» የሚለው ንግግር በዚህ ታሪክ ውስጥ ክብደት አለው፤ ከባሕር ዳር የመጣች ሴት በግንቡ ውስጥ ማን ሆና ትኖራለች? የሐረርን ቤት ለማሳየት ጊዜ ውሰዱ፦ ነደባ የሚባለው የመቀመጫ መደብ፣ በግድግዳው የተደረደሩት ሰፌዶችና ሙዳዮች፣ ሙሽሮቹ የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ጠባቧ ክርታት። ልጅነቷን በጨው ነፋስ ያሳለፈች ሴት ክርታት ውስጥ ስትገባ ምን ይሰማታል? ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ተቀናቃኝ ይበልጣል።

5. መርከቡን በእጃችሁ እስክትነኩት አጥኑት

«ትልቅ መርከብ» ማለት አይበቃም። በ1850ዎቹ በዚህ ዳርቻ ሳምቡኮች፣ ከሕንድና ከባሕረ ሰላጤው የሚመጡ ባግላዎች፣ ከባዱን ዕቃ ከመርከብ ወደ ዳርቻ የሚያመላልሱ ትናንሽ ጀልባዎች ነበሩ። ሸራው ሦስት ማዕዘን ነው፤ የሚንጠለጠልበት ረጅም ግንድ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሲሰቀል መርከበኞቹ በዘፈን እየተቀባበሉ ይጎትቱታል። አንዳንዶቹ ጀልባዎች በምስማር ሳይሆን ከኮኮናት ገለባ በተፈተለ ገመድ የተሰፉ ናቸው። እንጨቱን ከውኃ ለመጠበቅ የሻርክ ዘይት ይቀቡታል። የዚህ ዘይት ሽታ ልብስ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም፤ ሐሊማ ላይ ይኑር። ዩሱፍ ሐረር ከተመለሰ በኋላ ሽታው ከወረቀት እሽጉ ማሰሪያ ላይ ይምጣበት። እናቱ «ይህ ምን ይሸታል?» ብለው ከቤት እንዲያወጣው ያዝዙ።

አዛዡ ናኹዳ ይባላል። መርከበኞቹ ብዙ ጊዜ ደሞዝ የላቸውም፤ ከጉዞው ትርፍ ድርሻ ይወስዳሉ። የሐሊማ ወንድም አንድ መጥፎ ጉዞ ቢገጥመው ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ የእህቱ መህር ለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባናል። ከበርበራ ዓደን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ሲቀና አጭር ጉዞ ነው፣ ነፋስ ሲተኛ ግን በዚያ ሙቀት ውኃ እየቆጠሩ መንሳፈፍ ነው።

ስለ ኮከብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ራሳችሁ ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ቆመን ካለንበት ቦታ የኬክሮስ መስመር ጋር እኩል ይሆናል። ሐረር 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ዘይላ 11፣ ምጽዋ 15 ተኩል። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትይዙ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በሐረር ኮከቧ ከአድማስ አንድ ጡጫ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በሰሜን በኩል ተራራ ከከለላችሁ ጭራሽ አትታይም። በምጽዋ አንድ ጡጫ ተኩል ትሆናለች። ናኹዳዎቹ ይህንኑ የሚለኩት ካማል በሚባል ትንሽ ጣውላ ነው፤ ቋጠሮ ያለውን ክር በጥርሳቸው ነክሰው ጣውላውን ወደፊት ይዘረጋሉ፤ ቋጠሮው የሚመለሱበትን ወደብ ይነግራቸዋል። ሐሊማ ይህን ከአባቷ አይታ ተምራለች። ለዩሱፍ የምትሰጠው ስጦታ የሐረርን ከፍታ የሚያሳይ አንድ ቋጠሮ ያለው ክር ቢሆን ምን ይመስላችኋል? ቀለበት ማንም ይሰጣል።

6. ባርነቱን አትለፉት

እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። በዘይላ፣ በበርበራ፣ በታጁራና በምጽዋ በኩል ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ዩሱፍ የወረደበት የሐረር ቅፍለትም ባሮች ይነዱበት ነበር። የፍቅር ልብ ወለድ ስለሆነ ይህን ከገጹ ማጥፋት ሕይወታቸው በዚያ መንገድ ለጠፋ ሰዎች በደል ነው። ጌታና ባሪያን አፋቅሮ ማቅረብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው «ወደደ» አይባልም።

ምን ይደረግ? ቅፍለቱ ውስጥ የሚሄዱትን ስም ስጧቸው፤ ድምፅ ስጧቸው። ዩሱፍ በመንገድ ላይ ከአንዲት ከታሰረች ልጅ ጋር ሦስት ሌሊት በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ በኋላ በበርበራ ወደ ጀልባ ስትጫን ይያት። የጫነቻት ጀልባ የሐሊማ አባት ንብረት ብትሆንስ? አሁን ፍቅራቸው ጥያቄ አለበት፤ መህሩ በምን ገንዘብ እንደሚከፈልና ጀልባው በምን እንደተገዛ አንባቢው ያውቃል። ሁለቱ በዚህ ላይ የሚነጋገሩበት ትዕይንት የመጽሐፉ ልብ ሊሆን ይችላል።

7. ትዕይንቱን ሥራ ላይ አቁሙት

የመጀመሪያ መገናኛቸውን እንዲህ ሞክሬዋለሁ፦

ሐሊማ ቀና ብላ አላየችውም። ሁለተኛውን ምንጣፍ ከእንጨቱ ጋር አጥብቃ አሰረችና እጇን ዘረጋች።
«ገመዱን።»
ዩሱፍ ገመዱን አቀበላት። ከእሽጎቹ አንዱ ከጀልባ ሲወርድ ውኃ ነክቶታል። ፈታው፤ አንድ ቅጠል ወረቀት መዝዞ ወደ ፀሐይ ያዘው። ሦስቱ ጨረቃዎች ታዩ። ጥጉ ግን ሻክሯል።
«ለምን ነው?» አለች።
«ለቁርአን።»
እጇን በልብሷ ጠረገች። ወረቀቱን ከደረቁ ጥግ ይዛ እንደሱ ወደ ፀሐይ አነሣችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። መልሳ ሰጠችው።
«እዚህ አይሆንም» አለች። «ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከባሕር ነው። በሩ ወደ ተራራው ይዙር።»
ከጠዋት ጀምሮ የተከለችውን መንቀል ጀመረች።

ስለ ፍቅር አንድ ቃል የለም። ልቡ አልመታም፣ ዓይኗ አላበራም። የግማሽ ቀን ሥራዋን ለማያውቁት ሰው ወረቀት ስትል አፈረሰች፤ አንባቢው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ስለ ባሕሩም የተነገረው የነፋሱ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያለሱ ትዕይንቱ አይቆምም። እያንዳንዱን ትዕይንት ጽፋችሁ ስትጨርሱ ይህን ጠይቁ፦ ነፋሱን፣ እርጥበቱን ወይም ቀኑን ባወጣው ምን ይወድቃል? ምንም ካልወደቀ ትዕይንቱን እንደገና ጻፉት።

ሰዓት በሶላት ቁጠሩ፤ ፈጅር፣ ዙሁር፣ ዓስር፣ መግሪብ፣ ዒሻ። ክብደት በፈረሱላ ይሁን። ገንዘቡ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና የሐረር አሚሮች ያስቀርጹት የነበረው መሐለቅ ነው። የሐረር ቤት ውስጥ የቡና ቅጠል ቁጢ ይፈላ፤ ፍሬው ለሽያጭ ይወጣል። ድሬዳዋና ጅቡቲ ከተማ በ1855 አልነበሩም፤ ከአፋችሁ እንዳያመልጡ።

8. ምንጩን ከቅርብ ጀምሩ

በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ የእጅ ጽሑፎችና ሳንቲሞች አሉ፤ ድጉሰቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ጠርዙ እንዴት እንደታጠፈ በማስታወሻ ሣሉ። የራምቦ ቤት የሚባለው የድሮ ፎቶግራፎች አሉት፤ ከ1855 በኋላ የተነሡ ቢሆኑም ስለ በሮቹና ስለ አልባሳቱ ብዙ ይናገራሉ። ከዚያ አንድ ጌ ጋር (የሐረሪ ቤት) ገብታችሁ ነደባው ላይ ተቀመጡ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ የቦታው ሥርዓት ገጸ ባሕርያችሁን የት እንደምታስቀምጡ ይነግራችኋል።

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ምንጣፍ ከሚሸጡ ሶማሌ እናቶች ጋር ቁጭ በሉ። «ታሪክ ንገሩኝ» ብትሏቸው የሚነግሯችሁ የሁሉም ሰው ታሪክ ነው። «ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል? እጅ የሚያቆስለው የቱ ጋ ነው? ከማን ተማሩት?» በሏቸው። መጋላ ውስጥ ዘመዶቻቸው በዘይላ ወይም በዓደን የነበሩ አዛውንቶች አሉ፤ ስለ ነፋስ ጠይቋቸው።

ባሕር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ገንዘብ ቆጥቡና ጅቡቲ ውረዱ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። በዚያ ስትቆሙ ፎቶ ማንሣቱን አቆዩት፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ጨው ከንፈር ላይ መቼ እንደደረቀ፣ ወረቀታችሁ ምን እንደሆነ ጻፉ። በ1330ዎቹ መባቻ ዘይላ የደረሰው መንገደኛ ኢብን ባቱታ ከተማዋን ያስታወሰው በዓሣው ሽታና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ነው፤ ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ወደብ ይሸታል። የእናንተም ይሽተት።

9. ፍጻሜውና የመጨረሻው ንባብ

የአማርኛ አንባቢ በሞት የሚያልቅ የፍቅር ታሪክ ለምዷል። እዚህ ግን ሞት አቋራጭ ነው የሚሆነው፤ ከባዱ ጥያቄ የት እንደሚኖሩ ነው። ሐረር ከገቡ እሷ ባሕሩን ታጣለች። ባሕር ዳር ከቀሩ እሱ የአባቱን ሙያ ይጥላል፤ በዚያ እርጥበት መጽሐፍ አይደጎስም። ወደቡ ከተከፈተ በኋላ፣ በ1857 ወቅት፣ አንዱ የሚከፍለው ዋጋ በሙሉ ይታይ፤ ከፋዩም አውቆ፣ ወስኖ ይክፈል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ዓመቱን ከፍለው እንዲኖሩ አደርጋቸው ነበር፤ በጥቅምት ወርደው በሚያዝያ የሚመለሱ፣ ከቅፍለቱ ጋር። ይህ ለዘመኑ ሰው የሚቻል ኑሮ ነው፤ ለዩሱፍ አባት ግን የሚቻል መሆኑ ያጠራጥራል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክርክር ከአባትየው ጋር አድርጉት።

ረቂቁ ሲያልቅ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለሦስት ዓይነት ሰው አንብቡ፦ የቤቱንና የሠርጉን ምዕራፎች ለአንዲት ሐረሪ እናት፣ የበርበራውን ሶማሊኛ ለሚናገር ሰው፣ የጉዞውን ደግሞ ጀልባ ላይ ላደረ ሰው። ሲያዳምጡ ፊታቸውን እዩ፤ ያኮረፉበትን ወይም የሣቁበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ምክንያቱን ግን ምዕራፉ እስኪያልቅ አትጠይቁ። የሐረሪዋ እናት «እንዲህ አይባልም» ካሉ የሚባለውን እሳቸው በሚሉበት አኳኋን ጽፋችሁ በቀጣዩ ሳምንት መልሳችሁ አንብቡላቸው።